ነገም እዚሁ ነን

ሰውዬው ለሦስተኛ ቀን መጥቶ ያችው አግዳሚ ላይ ቁጭ አለ።

የውሃ ድርጅቱ ቅሬታ ክፍል ጠባብ ናት። አንድ መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳውን ታክኮ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ከበላዩ «ተራዎን በትዕግሥት ይጠብቁ» የሚል ወረቀት። እዚህ ክፍል ደስ ብሎት የሚመጣ የለም። አንዱ ውሃ ጠፍቶበት፣ አንዱ ቆጣሪው አብዶበት፣ አንዷ ልብስ በሳሙና ነክራ መሃል ላይ ቀርታ ነው የሚመጡት። ይሄ ሰውዬ ግን ፀጉሩን አበጥሮ ይመጣል፤ ተራው ሲደርስ «እርስዎ ይቅደሙ» እያለ ለሌላው ይለቃል። እሷ አፏን በከፈተች ቁጥር ደግሞ ከደረት ኪሱ ትንሽ ደብተር ያወጣና ይጽፋል።

እሷ ማለት ቀይዋ ናት። ልብ አድርጉልኝ፣ መልኳ ጠይም ነው። ቀይዋ ያሏት በቀይ እስክሪብቶዋ ነው። ለደንበኞች ቅሬታ የሚሄደውን መልስ ሁሉ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የጻፈችው እሷ ናት። የሌላ ሰው ጽሑፍ እጇ ከገባ ደግሞ ቀይ በቀይ ሆኖ ነው የሚመለሰው፤ ሥራ አስኪያጁ ሳይቀሩ የስብሰባ ጥሪያቸውን ከእሷ ደብቀው ነው የሚለጥፉት።

በሦስተኛው ቀን አላስችል አላት።

«ጌታዬ፣ ተራዎ ደርሷል።»

«እ... ሌላ ሰው ይቅደም።»

«ሌላ ሰው የለም። ቅሬታዎ ምንድን ነው?»

«ቅሬታ እንኳን የለኝም።»

«ቅሬታ የሌለው ሰው ቅሬታ ክፍል ምን ይሠራል?»

ሰውዬው ደንግጦ ብድግ ሲል ደብተሩ ወደቀ። እሷ ቀድማ አነሳችው። የተከፈተው ገጽ ላይ ያየችው የራሷን ቃል ነው! ጠዋት ለአንዲት እናት የተናገረችው፣ ቀኑና ሰዓቱ ሳይቀር ተጽፎ... «ልጅዎን ፊቱን ሳያጥቡ ትምህርት ቤት ከላኩት በኋላ ይቅርታ ብንልዎ ምን ሊፈይድልዎ፤ ቢሆንም ይቅርታ።»

ክው አለች።

«ማነው የላከዎት?»

«ሥራ አስኪያጁ» አለ፣ ዓይኑን ከጫማው ሳያነሳ።

በማግስቱ ስብሰባ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሯቸውን ጠራርገው ተነሱ።

«ድርጅታችን በአራት አፍ ነው የሚናገረው» አሉ። «በስልክ የምንልከው መልእክት ያዛል። ግድግዳ ላይ የምንለጥፈው ያስፈራራል። በሬዲዮ እንሽኮረመማለን። በደብዳቤ ደግሞ ይቅርታ እንለምናለን። ደንበኛው የትኛውን ይመን? ከእንግዲህ አንድ ድምፅ ይኖረናል። እሳቸው ያበጁልናል፤ የሦስት ወር ኮንትራት ይዘዋል።»

ሰውዬው ከወንበሩ ከፍ ብሎ እጅ ነሳ። ከቀይዋ አጠገብ የተቀመጠችው የስልክ ክፍሏ ልጅ ጠጋ አለች። ይህችን ልጅ «አሎ» ነው የሚሏት፤ ወሬ ከእሷ ቀድሞ ቢሮ የገባበት ቀን የለም።

«ድምፅ ለማበጀት እንዳይመስልሽ» አለቻት በሹክሹክታ። «የሚሰማው ማን እንደሚባረር ለመምረጥ ነው። ጆሮ ጠቢ ነው!»

ስሙ በዚያው ወጣ። ሻይ ቤት ሲገባ ወሬ ይቋረጣል፣ ደረጃ ላይ ሲያልፍ ክርን ለክርን መነካካት ይመጣል። ጆሮ ጠቢው መጣ፣ ጆሮ ጠቢው ሄደ።

ቀይዋ ደግሞ ለመጠርጠር ማንም ጎትጓች አያስፈልጋትም። አንድ ጊዜ እጮኛ ነበራት፤ ቅቤ አንጓች የሚሉት ዓይነት። ያ ሰው የእሷን ዓይን ለማወደስ ቃል አጥሮት አያውቅም። አንድ ሐሙስ ማታ በር ላይ ቆሞ «ነገ እመጣለሁ» አላት። ያ ነገ እስካሁን አልመጣም፤ የመጣው የሠርጉ ፎቶ ነው፣ እሱም በሰው ስልክ። ከዚያ ወዲህ ጣፋጭ ቃል ስትሰማ እጇ እስክሪብቶ ይፈልጋል።

እንግዲህ ሥራው ሥራ ሆነና ሁለቱን አንድ ክፍል አስቀመጧቸው። ክፍሉ ድሮ የተሰበሩ ቆጣሪዎች ይከማቹበት የነበረ ነው፤ ጥጉ ላይ አሁንም ጥቂቶቹ ቀርተዋል። እሱ የአሥራ አንድ ዓመት ደብዳቤዎቿን ቅጂ አስወጥቶ አንድ ባንድ ያነባል። እሷ ሲያነብ በጎን ታየዋለች።

«ይሄ መጨረሻ ላይ ያለው» አላት አንድ ቀን። «ሁሉም ደብዳቤ ላይ አለ። "ነገም እዚሁ ነን" ይላል። ከየት አመጡት?»

«ከንዴት።»

«እ... ከንዴት?»

«ዘጠኝ ቀን ውሃ ጠፍቶ ነበር። አንድ ሽማግሌ መጥተው "ነገም ይህንኑ ልትነግሪኝ ነው!" ብለው ጮሁብኝ። እውነታቸውን ነው፤ ውሃው መቼ እንደሚመጣ እኔም አላውቅም። የማውቀውን ብቻ ጻፍኩላቸው። "ውሃው ካልመጣ መጥተው ይቆጡን። ነገም እዚሁ ነን" አልኳቸው።»

ሰውዬው መስመሩን እንደገና አነበበው። ከዚያ ደብተሩን አውጥቶ ሊጽፍ ሲል ዓይኗን አየና መልሶ ከተተው።

ሥራ አስኪያጁ የፈለጉት ድምፅ «እንደ ጓደኛ» የሆነ ነው። ወጣት መስለን እንታይ፣ እርስዎ የሚለው ይቅር አሉ። ጭቅጭቁ ከዚያ ጀመረ።

«እና አንተ ይባል ወይስ አንቺ?» አለችው ቀይዋ። «መልእክቱ ሲላክ ወንድ ይድረሰው ሴት በምን እናውቃለን?»

«እሱን ነው እኔም ያልኳቸው።»

«ደግሞስ ውሃ አጥፍተንበት፣ አንተ እንበለው? ምን ቀረን ታዲያ፣ በጥፊ ብንለው አይሻልም?»

ሰውዬው ሳቀ። እንዲህ ሲስቅ አይታው አታውቅም ነበር፤ ድምፅ የሌለው፣ ትከሻ ብቻ የሚያንቀጠቅጥ፣ እንባ የሚያወጣ ሳቅ ነው። እሷም ሳቀች። ወዲያው ደግሞ «ለምንድን ነው ያሳቀኝ?» ብላ ጠረጠረች።

«እ... እኛስ?» አለ እንባውን እየጠረገ። «ሁለት ወር አብረን ሠራን። አንቺ ልበልዎት?»

«ይቅር። እርስዎ ይበቃኛል። እርስዎ አጥር አለው።»

«እንዳሉ» አለ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድም ቀን አላጠፋም፤ እርስዎ፣ እርስዎ፣ እርስዎ። የሚገርመው ግን ያ እርስዎ ከአፉ ሲወጣ ቀን በቀን እየለሰለሰ መጣ፤ እሷም ይህን ሰምታለች።

ሌላ ቀን ጠዋት ጠረጴዛዋ ላይ ሦስት ቀይ እስክሪብቶ አገኘች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቀለምዎ ሲያልቅ አየሁ። ትናንት እያራገፉ ነበር የሚጽፉት።»

ሌላ ሴት ብትሆን ልቧ ይሞቅ ነበር። የቀይዋም ሞቀ፣ ምን አለፋችሁ። ግን ለአሎ ስትነግራት አሎ ዓይኗን አጥብባ «አየሽ? የቀለምሽን መጠን ሳይቀር ይለካል!» አለቻት። ያችው ሙቀት ወዲያው ቅዝቅዝ አለች።

አንድ ጊዜ ደፍራ ጠየቀችው።

«እስካሁን ለማን ለማን ድምፅ አበጁ?»

«ለሆስፒታል። ለጫማ ፋብሪካ። ለአንድ የመድን ድርጅት።»

«የራስዎ ድምፅስ የቱ ነው?»

«እ... እሱን ማንም አዞኝ አያውቅም» አለ። ሊስቅ ፈልጎ አቃተው። አንጀቷን በላው። ማታ ግን አልጋዋ ላይ ሆና አሰበችበት፤ የሰው ቃል እየሰፋ የሚኖር ሰው አንድ ቀን «እወድሻለሁ» ቢል በማን ድምፅ እንደተናገረ በምን ይታወቃል? ስታስበው ራሷን ያዛት።

ኮንትራቱ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው አሥር ወረቀት ሰጣት።

«ሥራ አስኪያጁ ያዘዙት ናሙና ነው» አለ። ጆሮው ቀልቷል። «እንደ ጓደኛ የሚለው። እባክዎ ይዩልኝ... በተለይ የመጨረሻውን።»

ወረቀቶቹን ያየች እንደሆነ ጉድ ነው! «ሰላም ወዳጄ! ዛሬ ውሃ የለንም፣ ግን ፍቅር አለን!» ይላል አንዱ። «ቆጣሪህ ናፈቀን፣ በሩን ክፈትልን!» ይላል ሌላው። ሰውዬው እየተናነቀው እንደጻፋቸው ያስታውቃል። ቀይዋ ግን ደሟ ፈልቶ አንድ ባንድ በቀይ አጨማለቀቻቸው። አሥረኛው ጋ ስትደርስ እጇ በንዴት ግሎ ነበር። እንዲህ ይላል፦

«ስላስቸገርሁሽ ይቅርታ። የምናገረው ሲጠፋኝ ዝም እላለሁ፤ ዝምታዬን እንደ ንቀት አትቁጠሪብኝ። ጠዋት ድምፅሽን ሳልሰማ የዋልኩበት ቀን፣ ቀን አይመስለኝም። ትናፍቂኛለሽ። ቸኩለሽ አትመልሺልኝ፤ ነገም እዚሁ ነኝ።»

«ይሄኛው ባሰ!» አለች። የእሷን ዓረፍተ ነገር ነጥቆ ለዚህ ለተሽኮረመመ ናሙና መዝጊያ ማድረጉ ይበልጥ አበገናት። «ስላስቸገርሁሽ» የሚለውን ሰርዛ «ስላስቸገርንዎ» አለች። «ድምፅሽን» የሚለው «ድምፅዎን» ሆነ። «ነኝ» የሚለውን ሰርዛ «ነን» አደረገችው፤ ድርጅት እኔ አይልም። «ትናፍቂኛለሽ» የሚለውን ሁለት ጊዜ ሰርዛ ጎኑ ላይ በትልቁ ጻፈችበት፦ «ድርጅት አይናፍቅም!»

ስትመልስለት እዚያው ቆሞ አነበበው። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ቀስ እያለ ጠፋ።

«ድርጅት አይናፍቅም» ብሎ አነበበ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እውነትዎን ነው።»

«ስህተት አለብኝ?»

«የለብዎትም። እርማቱ ልክ ነው።» ወረቀቶቹን ማህደር ውስጥ ከትቶ የተሰበሩት ቆጣሪዎች ላይ አስቀመጣቸው።

ከሁለት ቀን በኋላ አሎ እያለከለከች ገባች። ፕሪንተሩ ላይ የተረሳ ወረቀት በስልኳ አንስታለች።

«አንብቢ! አልነገርኩሽም?»

የጆሮ ጠቢው ሪፖርት ነው። ፎቶው ተንሻፎ መሃሉን ብቻ ነው ያሳየው። አንድ መስመር ግን ቁልጭ ብሎ ይነበባል፦ «ሥራው ከቅሬታ ክፍሏ ጸሐፊ መነሳት አለበት።»

ቀይዋ ዓይኗ ጨለመ። አሥራ አንድ ዓመት! የሰው ስድብ ስትሰማ፣ ላላጠፋችው ውሃ ይቅርታ ስትጠይቅ የኖረችበት አሥራ አንድ ዓመት በአንድ መስመር ሊነሳ? እሱ እየመጣ ነበር፤ ኮሪደሩ መሃል ላይ ቆመችበት። በር ሁሉ ተከፈተ።

«ሦስት ወር ሙሉ አፌ ላይ ተቀምጠው ቃሌን ለቀሙ!» አለችው። «ሲጠግቡ ሥራዬን ያነሱልኛል?»

«እ... ምንድን ነው... እንደዚያ አይደለም...»

«ጆሮ ጠቢ ሲሉዎት አላምን ብዬ ነበር! ያን ሁሉ እስክሪብቶ የገዙልኝ መባረሪያዬን እንድፈርምበት ኖሯል?»

«እ... እባክዎ... መነሳት ማለት እኮ...»

ቃሉ ተሳሰረበት። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም።

«ለስንቱ ድርጅት ድምፅ ያበጃሉ፣ ለራስዎ አንድ ቃል የለዎትም?» አለችው።

ሰው ፊት መሆኑ ነው የከፋው። ሰውዬው ከወገቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳትና ደረጃውን ወረደ። አሎ ስልኳን ቀስ ብላ ኪሷ ከተተች።

ሰኞ ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ሰብስበው ሪፖርቱን በድምፅ አነበቡት። ቀይዋ የመልቀቂያ ደብዳቤዋን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«"ድርጅቱ ድምፅ የለውም ተብዬ ነው የመጣሁት"» አነበቡ። «"አለው። አሥራ አንድ ዓመት ሲናገር ቆይቷል፤ ያዳመጠው የለም እንጂ። የማያውቀውን አውቃለሁ አይልም፣ ያጠፋውን አጠፋሁ ይላል፣ ሰው አያሳንስም። ስለዚህ አዲስ ድምፅ መፍጠር አያስፈልግም። ሥራው ከቅሬታ ክፍሏ ጸሐፊ መነሳት አለበት። የስልኩም፣ የማስታወቂያውም፣ የሬዲዮውም ጽሑፍ ከእሷ ይማር። የእኔን ኮንትራት ማደስ አያስፈልግም፤ የእኔ ሥራ መስማት ነበር፣ ሰምቻለሁ።"»

ከእሷ መነሳት። ከእሷ መጀመር ማለት ነው!

ይህን ቃል በሌላ ሰው ጽሑፍ ላይ ብታገኘው ኖሮ ከብባ «ሁለት ትርጉም አለው፣ ይስተካከል» ብላ ትጽፍበት ነበር። የራሷ ጉዳይ ሲሆን ግን ሁለተኛው ትርጉም ጭራሽ አልታያት። በሃፍረት ውሃ ሆነች። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ ያያታል፣ ሥራ አስኪያጁ ያጨበጭባሉ፤ እሷ የምታየው ግን ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ ያለውን ሰው ነው።

«እኔ... በምን አውቄ!» አለች አሎ።

«መጀመር ቢል ምን ነበረበት!» አለች ቀይዋ። እንባዋ መጣ። «መጀመር ቢል ምን ነበረበት...»

ክፍላቸው ስትገባ የእሱ ጠረጴዛ ባዶ ነው። ማህደሩ ብቻ ቆጣሪዎቹ ላይ አለ። ስልክ ቁጥሩን አታውቅም፤ የምታውቀው የቢሮውን መስመር ነው፣ እሱም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ማህደሩን ይዛ ቤቷ ገባች።

እናቷ መነጽራቸው እጀታው ተነቅሎ በመርፌ ቁልፍ ነው የሚይዙት። የተጻፈ ነገር ካገኙ፣ የመድኃኒት ወረቀትም ቢሆን፣ ከዳር እስከ ዳር ሳያነቡ አይለቁም። ልጃቸው ሶፋ ላይ ተጠቅልላ ስትተኛ እሳቸው ማህደሩን ከፈቱ። ትንሽ ቆይተው መሳቅ ጀመሩ።

«ምን ያስቅሻል እማ?»

«"ውሃ የለንም፣ ግን ፍቅር አለን"... ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ!» አንድ ባንድ እያነበቡ ሄዱ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። መነጽራቸውን አስተካከሉ። «ይሄኛውስ እዚህ ምን ይሠራል?»

«እሱም ናሙና ነው።»

«የምን ናሙና? ዘጠኙ የውሃ ነው። ይሄኛው ላንቺ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«ዘጠኙ ላይ ወይ ውሃ ይላል፣ ወይ ቆጣሪ ይላል። ይሄ ላይ ውሃ የሚል አንድ ቦታ የለም» አሉ እናቷ። ወረቀቱን ወደ መብራቱ ቀረብ አደረጉት። «ውይ ልጄን! የሰውን ልብ በቀይ አርመሽ መለስሽለት?»

ቀይዋ ተነስታ ወረቀቱን ነጠቀች። አነበበች። እንደገና አነበበች። ስላስቸገርሁሽ። ዝም እላለሁ። ድምፅሽን። ሦስት ወር ሙሉ እርስዎ ያላት ሰው አንቺ ያላት እዚህ ወረቀት ላይ ብቻ ነው፤ እሷም ያንን አንቺ በገዛ እጇ እየሰረዘች እርስዎ አድርጋዋለች። ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ሲነጋ ግን ያው ጥርጣሬዋ አብሯት ነቃ።

«"ነገም እዚሁ ነኝ" ይላል» አለች ለእናቷ። «የሦስት ወር ኮንትራት ያለው ሰው! ያኛውም ነገ እመጣለሁ ነበር ያለኝ። ይሄውና፣ የት አለ? ሄዷል።»

እናቷ ወረቀቱን አጥፈው ቦርሳዋ ውስጥ ከተቱላት። እንዲህ ስትል ለሰው መልስ እንዳልተወች ያውቃሉ።

ሁለት ሳምንት አለፈ። አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ የቅሬታ ሳጥኑን ስትከፍት ስድስተኛዋ ደብዳቤ ላይ እጇ ቀረ። ያንን ወደ ግራ የተጋደመ የእጅ ጽሑፍ ከሺህ ታውቀዋለች።

«ለቤቴ የውሃ መስመር ካመለከትኩ ወር ሊሞላኝ ነው። እስካሁን የመጣ የለም። ከጎረቤት በባልዲ ነው የምቀዳው። ትልቅ ችግር አይደለም። ግን ቢመጣ ደስ ይለኛል።»

ድምፅ አበጂው የጻፈው ደብዳቤ ነው ብትሉ ማን ያምናል? ማማር የለ፣ ማስተካከል የለ። «ግን ቢመጣ ደስ ይለኛል»! ቀይዋ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ሳቀች። ሆኖም ቀይዋ ቀይዋ ናትና በዚህ ብቻ አላመነችም፤ መዝገብ ቤት ወርዳ ማመልከቻውን አስወጣች። ማኅተሙ ላይ ያለውን ቀን አየች፣ ከመዝገቡ ጋር አስተያየች፣ እንደገና አየች። ማመልከቻው የገባው አሥሩን ወረቀት በሰጣት ዋዜማ ነው። ከሥር «የነዋሪነት ሁኔታ» ይላል። ሁለት ሣጥን አለ፤ ጊዜያዊ፣ ቋሚ።

ምልክቱ ያለው «ቋሚ» የሚለው ላይ ነው።

ውሃ የሚያስገባ ሰው ሊሄድ አይደለም። ይህን በዚያ ሕንፃ ውስጥ ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። እየሮጠች ጋሼ ቧንቧ ዘንድ ወረደች። ጋሼ ቧንቧ ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው የመስመር ሠራተኛ ናቸው፤ ያኔ ቡሎን እየለዩ ነበር።

«ጋሼ፣ አንድ መስመር አለኝ። ዛሬ ካልገባ እሞታለሁ።»

ጋሼ ቧንቧ ቀና ብለው ፊቷን አዩ።

«የማን ቤት ነው ልጄ?»

«የ... የደንበኛ ነው።»

«ለደንበኛ ሞተሽ አታውቂም» አሉና መፍቻቸውን አነሱ።

ቤቱ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ፣ አረንጓዴ የቆርቆሮ በር ያለው ነው። ጋሼ ቧንቧ ውጭ ሆነው መቆፈር ሲጀምሩ እሷ አንኳኳች። ሰውዬው እጅጌውን ሰብስቦ፣ በአንድ እጁ ባዶ ባልዲ ይዞ ከፈተ። ሲያያት ባልዲው ከእጁ አመለጠ።

«እ...»

«ቅሬታዎ ደርሶናል» አለች ቀይዋ። በመንገድ ላይ ያሰላሰለችው ሌላ ነበር፤ አፏ የለመደውን ተናገረ። «ሁለት ቅሬታ ነው ያለዎት። አንደኛው የውሃ ነው፣ እሱን ጋሼ ይዘውታል። ሁለተኛው... ደብዳቤዎ መልስ አለማግኘቱ ነው።»

«እሱንማ መልሰውልኛል። በቀይ።»

«እርማቱ ስህተት ነበረው።»

«እ... እኔም ጥፋት አለብኝ። መጀመር ማለት ነበረብኝ። ኮሪደሩ ላይ ልነግርዎ ነበር፣ ቃሉ...»

«ሰው ፊት አዋረድኩዎት» አለች። «የተሳደብኩት እርስዎን አልነበረም። ሌላ ሰው ነበር፣ ሳይሰማኝ የሄደ። ይቅርታ ብልዎ ምን ሊፈይድልዎ፤ ቢሆንም ይቅርታ።»

ሰውዬው የራሷን ዓረፍተ ነገር ሲሰማ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያው ድምፅ የሌለው ሳቅ ነው፤ ዓይኑ ግን እንባ ሞልቶታል።

ቀይዋ ከቦርሳዋ ወረቀቱን አወጣች። ባልዲውን ገልብጣ ወረቀቱን ላዩ ላይ ዘረጋችና ደጃፉ ላይ ተንበርክካ እሱ ከገዛላት እስክሪብቶ አንዱን ከፈተች። የራሷን ቀይ መሰረዝ ጀመረች። «ስላስቸገርንዎ» ተሰርዞ ተመልሶ «ስላስቸገርሁሽ» ሆነ። «ድምፅዎን» ተሰርዞ «ድምፅሽን» ሆነ። እሱም ተንበረከከ። ጎን ላይ «ድርጅት አይናፍቅም!» የሚለው ጋ ስትደርስ አልሰረዘችውም፤ ከሥሩ ጨመረችበት፦

«ጸሐፊዋ ግን ናፍቃለች።»

ሰውዬው አነበበው። ብዙ ጊዜ ወሰደበት።

«እ... አንቺ ልበልሽ?» አለ።

«ብለኸኝ የለ እንዴ!» አለችው።

ብለኸኝ! እሱም ሰማ፣ እሷም ከአፏ ሲወጣ ሰማችው። ሁለቱም ለጥቂት ጊዜ ወረቀቱን እንጂ እርስ በርስ መተያየት አልቻሉም። ውጭ የጋሼ ቧንቧ መፍቻ ብረት ላይ ኳ ኳ ይላል።

«አንድ ቃል ቀርቷል» አለ በመጨረሻ። ጣቱን ወረቀቱ ግርጌ ላይ አሳረፈ። «እኔ የጻፍኩት "ነገም እዚሁ ነኝ" ብዬ ነው። አንቺ "ነን" ብለሽ አርመሽዋል።»

ቀይዋ እስክሪብቶውን አነሳች፤ ቃሉ ላይ አደረሰችው። ትንሽ አሰበች። ከዚያ ክዳኑን ገጠመችው።

«እሱ እርማት ልክ ነው» አለች። «ይቆይ።»

እጁን ዘረጋ፤ እጇን ሰጠችው። ጓሮ ያለው ቧንቧ አንድ ሁለት ጊዜ ሳለ፣ የአየር ድምፅ አወጣ፣ ጋሼ ቧንቧም ከውጭ «መጣ!» ብለው ጮኹ። ማንም ተነስቶ አልዘጋውም። ባልዲው ተገልብጦ ደጃፉ ላይ ስለነበር ውሃው ዝም ብሎ ሲፈስ ቆየ።

ለሠርጋቸው ጥሪ ሲያስጽፉ ወረቀቱ ሦስት ጊዜ ቀይ ሆኖ ተመለሰ። «ነገም እዚሁ ነን» የሚለውን የመጨረሻ መስመር ግን እሷም አልነካችውም፣ እሱም አልነካውም።